የውኃ ማጣሪያሽን ውርጭ እንዳያገኘው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያገለገለ አርቪ (መኝታና ማብሰያ ያለው የጉዞ መኪና) ገዝታችሁ በጥቅምት ከሁለት ልጆች ጋር ከዴንቨር ወደ ዩታና አሪዞና ልትሄዱ ነው፤ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የሚገጠመውን የሪቨርስ ኦስሞሲስ ማጣሪያ (ውኃውን በግፊት በረቂቅ ሽፋን የሚያሳልፈውን) ልግዛ ወይስ ትንሹን በእጅ የሚያዘውን ብለሻል። እኛም የዛሬ ሦስት ዓመት በዚሁ ወር፣ በዚሁ መንገድ ሄደን ስለነበር የደረሰብንን ልንገርሽ።

1. ከዕቃ ማጠቢያ ሥር የሚገጠመውን ተዪው። ጨውን፣ አርሴኒክንና ናይትሬትን መቀነሱ እውነት ነው፤ የግል ጉድጓድ ውኃ የምትጠጪ ብትሆኚ ግዢው እልሽ ነበር። ነገር ግን አንድ ጋሎን ንጹሕ ውኃ ለማውጣት ሦስትና አራት ጋሎን የሚደፋው ብዙ ነው። ቧንቧ በሌለበት ቦታ ለሚያድር ቤተሰብ ይህ አይሆንም።

2. ሣጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቢ። ኤንኤስኤፍ የማጣሪያ ደረጃ የሚያወጣ ድርጅት ነው፤ ኤንኤስኤፍ 42 የሚለው ስለ ጣዕም፣ ስለ ሽታና ስለ ክሎሪን ነው። ጤናን የሚመለከተው 53 ነው፤ እሱም ቢሆን ምን ምን እንደሚያስቀር ዝርዝሩን ማየት ያስፈልጋል። እኔ የገዛሁት 0.1 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ቀዳዳ ያላቸው፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ቱቦዎች የታጨቁበት ማጣሪያ ነው። ጃርዲያ (በተበከለ ውኃ የሚመጣ፣ ተቅማጥ የሚያስይዝ ጥገኛ ተሕዋስ) ከዚያ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ አያልፍም፤ ቱቦዎቹ ጤነኛ እስከሆኑ ድረስ።

3. ውርጭ። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይህን አትርሺ። የመጀመሪያውን ሌሊት ዩታ ውስጥ ብራይስ ካንየን ፓርክ አጠገብ አደርን። አካባቢው 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው፣ ቀን በሸሚዝ ውለን ሌሊት የመኪናው መስታወት በረዶ ሠራ። ማጣሪያውን ከሰዓት በኋላ ሞክሬው ስለነበር ውስጡ እርጥብ ነው፤ በውጭ በኩል ባለው የዕቃ ማስቀመጫ ከውኃው ጎማ ጋር ትቼው ተኛሁ። ውስጡ የቀረው ውኃ በረዶ ሲሆን ይሰፋል፤ ቱቦዎቹን ይሰነጥቃል። ስንጥቁ በዓይን አይታይም። ጠዋት ውኃው እንደ ወትሮው ሲወርድ ምንም አልጠረጠርኩም።

በማግስቱ የደረስንበት የካምፕ ቦታ ቧንቧዎቹን ለብርዱ ወራት ዘግቷል። ገንዘቡን አስቀድመን ከፍለናል። ቢሮ ገብቼ ውኃ ከየት ልቅዳ ብዬ ስጠይቅ፣ ሴትዮዋ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳታነሣ «ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጥፏል» አለችኝ። በሩ ላይ ያለው ወረቀት ስለ ውሾች እንጂ ስለ ውኃ አንድም ቃል የለውም። ተመልሼ ስነግራት ዝም አለች። ባደግኩበት ቤት ውኃ የለመነ መንገደኛ ተቀምጦ እስኪረካ ይጠጣ ነበር፤ ያቺን ዝምታ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

ከጅረት ቀዳሁ። ከላይ ከብት እንደሚሰማራበት ያየሁት በነጋታው ነው። በማጣሪያዬ ተማምኜ ሁላችንም ጠጣን። ቤት በተመለስን በዘጠነኛው ቀን ትንሿ ልጄን ተቅማጥ ያዛት፤ ሆዷ ተነፋ፤ ምግብ አልበላ አላት። ክሊኒኩ ሁለት ጊዜ «ቫይረስ ነው፣ ያልፋል» ብሎ መለሰን። በሦስተኛው ጊዜ ግን፣ ሰገራዋ ካልተመረመረ አልወጣም አልኩ። ጃርዲያ ሆኖ ተገኘ። ማጣሪያውን የሸጠልኝ ድርጅት ጋ ስደውል «ውርጭ ያገኘው ማጣሪያ ዋስትና የለውም፤ መመሪያው ላይ ተጽፏል» አሉኝ። እውነት ነው፣ ተጽፏል፤ በመጨረሻው ገጽ፣ በደቃቃ ፊደል። ሕፃን የሚያሳምም ነገር ሽፋኑ ላይ መጻፍ ነበረበት!

ስለዚህ የምትገዢው ማጣሪያ ማታ በእጅሽ ይዘሽው የምትገቢው ይሁን። እኛ ውኃውን አራግፈን፣ በፕላስቲክ ጠቅልለን፣ ከእኔ ብርድ ልብስ ሥር እናሳድረዋለን። ውርጭ ነክቶታል ብለሽ ከጠረጠርሽ ሳታመነቺ ጣዪው። እስኪተካ ድረስ አፍልታችሁ ጠጡ፤ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ አንድ ደቂቃ ይበቃል፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ግን ሦስት ደቂቃ ነው። ያገለገለ መኪና ስለሆነ የመጠጥ ውኃ ታንከሩን ሳትነሡ እጠቡት፦ ለ15 ጋሎን ሩብ ኩባያ ሽቶ የሌለው በረኪና ጨምረሽ፣ ሽታው በየቧንቧው እስኪወጣ ከፍተሽ፣ አሳድረሽ፣ ሽታው እስኪጠፋ በንጹሕ ውኃ አለቅልቂው። ጎማውም ለመጠጥ ውኃ ተብሎ የተሠራው ይሁን፤ የአትክልቱን አረንጓዴ ጎማ እንዳትጠቀሚ። እንዲህ ካደረግን ወዲህ ዘጠኝ ጉዞ ሄደናል፤ አንድም ልጅ አልታመመብንም፤ ቡናችንንም በዚያው ውኃ እናፈላለን።

ከመነሣታችሁ በፊት ለእያንዳንዱ የካምፕ ቦታ ደውለሽ ቧንቧው የሚዘጋበትን ቀን ጠይቂ። የመለሰልሽን ሰው ስምም ጻፊው።