ሐምሌ ላይ ሰሜን ተራሮች፦ ብርዱን፣ መብረቁን፣ ጉሙን ጠይቁኝ

እንዴት ናችሁ። ክረምት ሲገባ የሚደወልልኝ ስልክ ሁሉ አንድ ነው፣ "አሁን ይኬዳል ወይ? ምን እንልበስ? መብረቁስ?" እና ዛሬ አንዴ ቁጭ ብዬ ለሁሉም ልመልስ ብዬ ነው። ሐኪም አይደለሁም፣ ሜትሮሎጂም አልተማርኩም፣ ከደባርቅ እስከ ራስ ደጀን ሰው እያመላለስኩ ብዙ ክረምት አሳልፌያለሁ፣ ከዛ ያገኘሁትን ነው የምላችሁ። ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ይበልጥ የሚበርደው ክረምት ላይ ነው ወይስ ህዳር ታህሳስ?

መልስ፦ ቴርሞሜትሩን ከጠየቅከው ህዳር፣ ታህሳስ፣ ጥር ነው። ሰማዩ ጥርት ስለሚል መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ወደ ላይ ይለቀዋል፣ የሚይዝለት ደመና የለም፣ ጠዋት ስትነሳ ድንኳኑ ላይ አመዳይ ጓሳው ላይ አመዳይ፣ ጀሪካኑም ከላይ ግግር ብሎ ታገኘዋለህ። ግን እኔ የምፈራው ሐምሌን ነው። የታህሳስ ብርድ ደረቅ ነው፣ ደራርበህ ትችለዋለህ። ሐምሌ ላይ 6 ዲግሪ ሆኖ ዝናብና ንፋስ ሲጨመርበት ግን የደረብከው ሁሉ ጠላትህ ይሆናል፣ ምክንያቱም ውሃ ከአየር ይልቅ 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ነው ከገላህ ላይ ሙቀት የሚወስደው። ሰው "ከዜሮ በላይ እኮ ነው" ብሎ ይዘናጋል፣ እዚህ ችግር የሚገባው ደግሞ አብዛኛው ከዜሮ በላይ እያለ ነው።

ጥያቄ፦ አፑ ላይ ጎንደር 22 ዲግሪ ይላል፣ ቲሸርት አይበቃም?

መልስ፦ ሃሃ አይበቃም። በየ100 ሜትሩ ከፍታ በግምት 0.6 ዲግሪ ቀንስ። ጎንደር 2,100 ምናምን ሜትር ላይ ናት፣ ራስ ደጀን ከ4,500 በላይ ነው፣ ልዩነቱ ወደ 14 ዲግሪ ይመጣል፣ ስለዚህ ያንተ 22 ጫፉ ላይ 8 ሆነ ማለት ነው፣ ያውም ንፋሱን ሳንቆጥር። ንፋስ እንዴት እንደሚያደርግ ለማወቅ፣ ዜሮ ዲግሪ ላይ በሰዓት 40 ኪሎሜትር የሚነፍስ ካለ ፊትህ ላይ የሚሰማህ ከዜሮ በታች 7 ገደማ ነው። ቧሂት አናት ላይ ያንን ንፋስ ለማግኘት እድለቢስ መሆን አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ እናቴ ጋቢ ይዘህ ካልሄድክ አትሄድም ብላኛለች

መልስ፦ እናትህን አክብር፣ ጋቢውን ያዘው፣ ግን ካምፕ ውስጥ ማታ ለመልበስ እንጂ ለመንገድ አይሁን። ጋቢ ጥጥ ነው፣ ጥጥ ደግሞ አንዴ ከራሰ ሙቀት አይይዝም፣ ይከብዳል፣ እስኪደርቅም ሁለት ቀን ነው። ጂንስም ያው፣ እንዲያውም ይብሳል። ሱፍ ግን ርሶም ትንሽ ያሞቃል። የመንዝ ሰው ባና የሚደርበው፣ የኛ አገር እረኛ ለምድ ጣል አድርጎ ገሳ የሚለብሰው በከንቱ አይደለም፣ ከውስጥ ሱፍ ወይ ቆዳ ከላይ ውሃ የሚያፈስ፣ የዘመኑ ጃኬት የሚሠራውም ይሄንኑ ነው። ስለዚህ ከውስጥ ሱፍ ወይ ፖሊስተር፣ ከላይ የዝናብ ጃኬት። ቅያሪህን ደግሞ በፌስታል ጠቅልለህ፣ ፌስታሉን በሌላ ፌስታል። ቦርሳው "ውሃ አያስገባም" ተብሎ ቢሸጥልህም።

ጥያቄ፦ ሰው በብርድ እየተጎዳ መሆኑን በምን አውቃለሁ? ሁሉም ሰው ይንቀጠቀጣል እኮ

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው እህቴ፣ ይሄን ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

አንድ ነሐሴ ከቧሂት ስንወርድ በረዶ ደበደበን፣ ሽንብራ የሚያካክል፣ በ20 ደቂቃ መሬቱ ነጭ ሆነ። ከእንግዶቹ አንዱ ጠንካራ ልጅ ነው፣ ጠዋት ከሁላችንም ፊት ሲሄድ የነበረ። ቀስ እያለ ወደኋላ ቀረ። ዞር ስል ጃኬቱ ተከፍቷል፣ "ዚፑን ዝጋው እንጂ" ስለው ጣቶቹ ዚፑን ዳበሱት ዳበሱት አልያዙትም። "ደህና ነኝ" አለኝ፣ ግን "ደህና" የምትለዋ ቃል አፉ ውስጥ ተንከባለለች፣ እንደሰከረ ሰው። እዛው ነው የደነገጥኩት።

ምልክቱ ይሄ ነው፦ እጅ አልታዘዝ ይላል፣ ምላስ ይተሳሰራል፣ እግር ይደናቀፋል፣ ጸባይ ይለወጣል (ተጫዋቹ ዝም ይላል፣ ዝምተኛው ይበሳጫል)። መንቀጥቀጥ መጥፎ አይደለም፣ ገላ ራሱን እያሞቀ ነው። የሚያስፈራው ርሶና በርዶት ሳለ መንቀጥቀጡ ሲያቆም ነው፣ ሰው "ተሻለው" ይላል፣ ተሻለው ሳይሆን አቅም አልቆበት ነው። የገላ ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ አእምሮም አብሮ ስለሚደነዝዝ ባለቤቱ አያውቀውም፣ ጓደኛው ነው ማየት ያለበት።

ልጁን ድንጋይ ከለላ አስገባነው፣ እርጥቡን አወለቅን፣ ደረቅ አለበስነው፣ ኮፍያ፣ ከስሩ ለምድ፣ ከላይ ሦስት ሜትር ላስቲክ (ከገበያ በሜትር የሚገዛው ተራ ላስቲክ፣ ሁሌ እይዛለሁ)፣ ሁለት ሰው ከግራ ከቀኝ ገባለት። መዋጥ መቻሉን ካየን በኋላ ከፔርሙስ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ከዛ በሶ በማር። አንዱ ጓደኛው አረቄ አውጥቶ "ይሄ ያሞቀዋል" ሲል እጁን ነው የያዝኩት። አረቄ ቆዳ ላይ ያለውን የደም ስር ከፍቶ የውስጡን ሙቀት ወደ ውጪ ያወጣዋል፣ ሞቀኝ እያልክ ትቀዘቅዛለህ። ካምፕ ደርሰህ ከተመገብክ በኋላ ጠጣ፣ ማን ከለከለህ። እጅ እግርን ማሸት፣ እሳት ላይ መደገንም አይሆንም፣ መጀመሪያ ደረትና ሆድ ነው የሚሞቀው። ራሱን የማያውቅ ሰው ከሆነ ደግሞ ምንም አታጠጪው፣ ሳታንገላቱ ጋደም አድርጋችሁ ማውረድ ነው።

ጥያቄ፦ ቀይ ልብስ መብረቅ ይስባል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አይስብም፣ መብረቅ ቀለም አይመርጥም። እንዲያውም ጉም ውስጥ ቀይ ጃኬት የለበሰ ሰው ቶሎ ይታየኛል፣ ልበሱልኝ። መብረቅ የሚወደው ከፍታ ነው፣ ሸንተረር ላይ ቆሞ ፎቶ የሚነሳ ሰው፣ ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ዛፍ። ብልጭታውን ስታይ ቁጠር፣ በየ3 ሰከንዱ አንድ ኪሎሜትር ነው። ነጎድጓዱ ከ30 ሰከንድ በፊት ከመጣ ከሸንተረሩ ውረድ፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድም በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ። መውረጃ ከሌለ ተራራቁ (አንድ ላይ ከታቀፋችሁ አንዱ መብረቅ ሁላችሁንም ነው)፣ ቦርሳው ላይ እግር ገጥሞ ቁጢጥ ማለት። ዋሻ አፍ ላይና ገደል ስር ተለጥፎ መጠለልም ጥሩ አይደለም። መብረቅ የመታውን ሰው መንካት ያስፈራል ይባላል፣ ሐሰት ነው፣ ገላው ላይ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም፣ ትንፋሽ ካጣ ደረቱን መጫን ወዲያው ጀምሩ።

ከሁሉም የሚሻለው ግን ሰዓት ነው። ክረምት ላይ ብዙውን ጊዜ ጠዋት ይከፍታል፣ ከ6 እና 7 ሰዓት በኋላ ይጥላል። እኔ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እነሳለሁ፣ 5 ሰዓት ላይ ጫፍ ካልደረስን እንመለሳለን፣ ጫፉ 200 ሜትር ቀርቶትም ቢሆን። ስንት ሰው በዚህ ተቀይሞኛል።

ጥያቄ፦ ጉም ቢይዘንስ?

መልስ፦ እመት ጎጎ (ገደሉ አፋፍ ላይ ያለው ጫፍ) ላይ ቆማችሁ ከታች ከቆላው ነጭ ነገር ሲነሳ ካያችሁ ፎቶውን ተዉትና ወደ መንገዱ ግቡ፣ በደቂቃዎች ውስጥ የራስህን ጫማ ብቻ ነው የምታየው፣ ገደሉ ደግሞ እዛው ነው፣ አልሄደም። ከያዛችሁ በኋላ ደግሞ ቁሙ። ልብስ ደርቡ፣ ቆሎ ብሉ፣ ጠብቁ። ጉም ይመጣል ይሄዳል። "ትንሽ ወደዚህ ብንሄድ" የሚል ሰው ካለ መሃል አስቀምጡት።

ጥያቄ፦ ወንዝ መሻገርስ?

መልስ፦ ከቧሂት ወርደህ ወደ አምቢቆ ስትሄድ መሸሃ አለልህ። በበጋ ጫማ አውልቀህ የምትሻገረው ነው፣ በክረምት ከላይ ከዘነበ ያንተ ጋ ፀሐይ ቢሆንም ደራሽ ይመጣል። ውሃው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ማምጣት ከጀመረ፣ ከጉልበት በላይ ከሆነ አይገባም። ጠዋት ይጎድላል፣ እደር።

ጥያቄ፦ እኔ ዴንቨር ነው ያለሁት፣ ኮሎራዶ ተራራ ላይም ያንተ ምክር ይሠራል?

መልስ፦ የበጋቸው ይሠራል። እዛም ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ነው፣ ከቀትር በፊት ከጫፍ ውረዱ ነው የሚሉት፣ ያው ነው። የክረምታቸው (ዝናብ ሳይሆን በረዶ የሚወርድበት ወቅት) ግን ሌላ ዓለም ነው። አየህ እኛ ከሰማይ የሚደበድበንንም፣ ጥጥ መስሎ የሚወርደውንም፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለውንም "በረዶ" ነው የምንለው። እዛ የሚገድለው የበረዶ ናዳ ነው (ተዳፋት ላይ የተከመረው በረዶ ተንዶ ሲወርድ፣ አቫላንች የሚሉት)፣ እኔ ደግሞ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ስለዚህ አስተማሪ ሆኜ አልቀርብም። ከሚያውቁ ሰዎች የሰማሁትን ልንገርህ፦ አብዛኛው ናዳ የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ተዳፋት ላይ ነው፣ የተቀበረ ሰው ከ15 ደቂቃ በኋላ የመትረፍ እድሉ በጣም ነው የሚወርደው፣ ስለዚህ የሚያወጣህ አብሮህ ያለው ሰው ነው፣ ሄሊኮፕተር አይደርስም። የኮሎራዶ አቫላንች ኢንፎርሜሽን ሴንተር በክረምት በየቀኑ ትንበያ ያወጣል፣ ሳታነብ አትውጣ፣ የናዳ ኮርሱንም ውሰድ።

ጥያቄ፦ ጨነቅ ላይ ራሴን አመመኝ፣ ብርዱ ነው?

መልስ፦ ጨነቅ ካምፕ ከ3,600 ሜትር በላይ ነው፣ ብርድም ሊሆን ይችላል ግን ከፍታው ነው ብለህ ጀምር። ውሃ፣ እረፍት፣ በዛ ቀን ከፍ አለማለት። ካስመለሰህ፣ ስትራመድ ከተንገዳገድክ፣ ቁጭ ብለህም ትንፋሽ ካጠረህ ሌሊትም ቢሆን ውረድ።

ጥያቄ፦ ያለ ስካውት መሄድ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም፣ ስካውቱ (መሣሪያ የያዘው የፓርኩ ጠባቂ) አብሮህ መሄድ አለበት። መንገዱ በዛ ሰሞን ሰላም መሆኑንም ደባርቅ ያለ ሰው ሳትጠይቁ ከቤት አትነሱ።

ጥያቄ፦ ስልኬ 60 ፐርሰንት እያለው ጠፋብኝ፣ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ በርዶት ነው። ከውስጠኛው ኪስ ገላህ ጋ አድርገው፣ ማታ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ ይዘኸው ተኛ። ካርታውን ቀድመህ አውርድ፣ ፓወር ባንኩም ያው ይበርደዋል።

ጥያቄ፦ እንዲህ ካስፈራራኸን ታዲያ መቼ እንምጣ?

መልስ፦ ሃሃ። መስከረም መጨረሻና ጥቅምት። ዝናቡ ወጥቷል፣ መሬቱ ገና አረንጓዴ ነው፣ አየሩ ታጥቦ ከጨነቅ እስከ ቆላው ድረስ ይታያል፣ ጭላዳውም መንጋ መንጋ ነው። ማታ ግን ይበርዳል፣ ስሊፒንግ ባጉን ከዜሮ በታች የሚችል አድርጉት። ያቺን የእናትህን ጋቢ ያኔ ነው የምትፈልጋት።