ጠይቁን፦ «ከሳሽም ዳኛም እነሱ ከሆኑ ይግባኙ ምን ይሰራል?»

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ፣ ከጎንደር አዘዞ ነው። ወንድሜ ሲያትል ይኖራል፣ ሚሰራበት መጋዘን አባረረውና የስራ አጥ ክፍያ ሲጠይቅ የስቴቱ መስሪያ ቤት «በጥፋትህ ስለተባረርክ አይገባህም» ብሎ ደብዳቤ ላከለት። ይግባኝ ካልክ ዳኛ በስልክ ይሰማሃል ተብሏል። እሱ ግን ዳኛውም የነሱው ሰው ነው ምን አደከመኝ ብሎ ቁጭ ብሏል። እውነቱን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥርጣሬው አይገርመኝም፣ እኛም ጋ ቅሬታ ሰሚ ስትባዪ ብዙ ጊዜ ምታገኚው ከወሰነብሽ ሰውዬ ጋር ቡና ሚጠጣውን ነው 😄 የኛው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ፍርድ ቤት የመስሪያ ቤቶችን ውሳኔ እንዲከልስ በር ከፍቷል ግን ለፌደራል መስሪያ ቤቶች ነው፣ የክልሉን አይነካም። ሲያትል ያለችበት ዋሽንግተን ስቴት ላይ ግን ክፍያውን የከለከለው መስሪያ ቤት ሌላ ነው፣ ዳኞቹ ያሉበት የአስተዳደር ችሎት ቢሮ ደሞ ሌላ፣ እንደነሱ አቆጣጠር በ1981 ለብቻው የተቋቋመ። ዳኛው በድሮው ውሳኔ ላይ ማህተም ሚመታ ሳይሆን ጉዳዩን ከስር እንደ አዲስ ሚሰማ ነው።

ዋናው ነገር ቀኑ ነው። ይግባኝ ለማለት ደብዳቤው ከተላከበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን አለው፣ ካለፈው በቂ ምክንያት አምጣ ይባላል። አስተርጓሚ በነጻ ስለሆነ አማርኛ ብሎ ይጠይቅ፣ እንግሊዝኛዬ ይበቃኛል ብሎ የችሎቱ ቀን ምላሱ እንዳይተሳሰር። ከቀጠሮው በፊት ቁጥር የተሰጣቸው ወረቀቶች በፖስታ ይመጡለታል፣ ፊቱ ዘርግቶ ይጠብቅ፣ ዳኛው ቀረጻ ከፍቶ ያስምልና በቁጥር እየጠራ ነው ሚጠይቀው፣ እዛ ላይ ወረቀት ፍለጋ መንኮሻኮሽ አያምርም።

ደሞ ይሄን ንገሪው፣ ተባሮ ከሆነ ጥፋቱን ማስረዳት ያለበት አሰሪው ነው፣ በራሱ ፈቃድ ለቆ ከሆነ ግን ሸክሙ ወደሱ ይዞራል። አሰሪው የሰው ወሬ ይዞ ቢመጣ ዳኛው አይሰማም ማለት አይደለም፣ መደበኛ ፍርድ ቤት እንዳለው ጥብቅ የማስረጃ ህግ የለም፣ ግን ወንድምሽ ነገሩን በአይኑ ያየ የስራ ባልደረባ ካለው ስልኩ ላይ ያስገባው፣ ክብደቱ ሌላ ነው። በቀጠሮው ሰአት ስልክ ላይ ካልተገኘ ይግባኙ ይዘጋበታል።

አንዳንዱ ይግባኝ ብያለሁ ብሎ በየሳምንቱ ሚሞላውን ፎርም ያቆማል፣ በኋላ ቢያሸንፍም ያልሞላበት ሳምንት ላይከፈለው ይችላል። ከተረታ ደሞ በ30 ቀን ውስጥ የኮሚሽነሩ (ክፍያውን የከለከለው መስሪያ ቤት ኃላፊ) ክለሳ ቢሮ ጋ ይግባኝ ይላል፣ ከዛ በኋላ ነው መደበኛ ፍርድ ቤት ሚሄደው።