«የሥራ ጫና» ወይስ «የሥራ ጭነት»?

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ክፍል እሠራለሁ። ለአንድ ቅጽ «የሥራ ጫና፦ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ «ጫና አቤቱታ ይመስላል፤ አውጣው» አሉኝ። ትክክል ናቸው?

መልስ፦ አለቃዎ ደህና ጆሮ አላቸው። «ዝቅተኛ ጫና» እኔንም ይጎረብጠኛል። ካልበዛ ምኑ ጫና ሆነ?

ጫነ የግእዙ ጸዐነ ነው። ዐ በአማርኛ አፍ ጠፋ፤ ጸም ጨ ሆነ፣ ጼው ጨው እንደሆነ ሁሉ። ከዚያ መጫኛ፣ ጫኝ፣ ጭነት፣ ጫና ተወለዱ። (በጭነት ውስጥ ያለው ን የሥሩ ፊደል ነው፤ እንደ ደግነት «ነት» ተቀጥሎበት አይደለም።) ብዙ ሰው የማያስተውለው ተጽዕኖም የዚሁ የጸዐነ ልጅ መሆኑን ነው፤ ጫና በአህያ ጀርባ ከገበያ መጣ፣ ተጽዕኖ ከሊቃውንቱ ጉባኤ። ስለዚህ «የሥራ ጫናው በሠራተኞች ላይ ተጽዕኖ አሳድሯል» የሚል ዘገባ ሳነብ ጫና በጫና ላይ ሲጫን ይታየኛል። ተጽዕኖን በ«እ» የሚጽፉትንማ አለማንሳት ይሻላል።

ጫና መለኪያ ብቻ ነው፣ ምሬት የለበትም የሚሉ አሉ። አልስማማም። አማርኛ ስለ ሥራ ብዛት ሲናገር ከስም ይልቅ ግስ ይወዳል፤ ግሱም ወገን ይይዛል። ልብስ ሰፊው «ሥራ በዝቶልኛል» ቢል ገበያው ደርቶለታል፤ እርስዎ «በዝቶብኛል» ቢሉ ግን እፎይታ ፈልገዋል። ጫና ከ«ብ» ወገን ነው፤ «ጫና በዛልኝ» ሲል የሰማሁት ሰው የለም።

የእኔ ምርጫ «የሥራ ጭነት» ነው። ምስክሬም የእርስዎው ከተማ ናት። በጅቡቲ መስመር የሚሠራ የተሳቢ ሾፌር «ጭነት አገኘሁ» ሲል ፊቱ ይፈካል፤ የሚያማርረው ባዶውን ሲነዳ ነው። ጭነት ቢበዛም ቢያንስም ጭነት ነው፤ በኩንታል ይቆጠራል፣ ቂም የለበትም። ይሁንና በዚያው በአዳማ ያለ መምህር «የሥራ ጭነት» አይልም፤ የእንግሊዝኛውን «ሎድ» ተውሶ «ሎዴ 25 ክፍለ ጊዜ ነው» ይላል። ጋዜጣውም ጫናን ይዞ ነጉዷል። ሳልወድ እቀበላለሁ።

ጫናን ከሥራ ሰዓት ጋር ግን አያምታቱ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በ8ቱ ሰዓት ውስጥ የሦስት ሰው ሥራ ቢከመርብዎ ሰዓቱ ልክ ነው፤ ጫናው ግን አለ።

ለቅጹ፣ ደረጃ የሚሞላበት ቦታ ላይ «የሥራ መጠን» ይበሉ፤ ከፍተኛም ዝቅተኛም ይስማማዋል። ሠራተኛው ቅሬታውን በሚጽፍበት ክፍል ጫናን አይንኩት። «ጭነት» ቢሉማ እኔ ደስ ይለኛል፤ አለቃዎ ግን ቅጹን ወደ ትራንስፖርት ክፍል ይልኩታል ብዬ እሰጋለሁ።