የድረ ገጽ ተደራሽነት ሙያና የምስክር ወረቀቱ፦ ከወሎ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ድረ ገጾች ለዓይነ ስውራን፣ መስማት ለተሳናቸውና ማውዝ መጠቀም ለማይችሉ ሰዎች እንዲያገለግሉ ማድረግ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ከኮምቦልቻ፣ ከደሴና ከወልዲያ የደረሱኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ ሶፍትዌር ምህንድስና ተምሬ ልመረቅ ነው። ሲፒኤሲሲ የሚባለውን ፈተና የሚሰጠው ማን ነው? የሚጠይቀውስ ምንድን ነው?

መልስ፦ የሚሰጠው እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የተደራሽነት ባለሙያዎች ማኅበር ነው። ሲፒኤሲሲ የመሠረታዊ እውቀት ፈተና ሲሆን፣ በ2 ሰዓት የሚሠሩ 100 የምርጫ ጥያቄዎች አሉት። የሚያተኩረው በጉዳት ዓይነቶች፣ በአጋዥ መሣሪያዎች፣ በሁሉን አካታች ንድፍና በሕጎች ላይ እንጂ በኮድ ላይ አይደለም። የኮዱን ችሎታ የሚመዝነው የማኅበሩ ሌላ ፈተና ደብሊውኤኤስ ነው።

ጥያቄ፦ ያለ ምስክር ወረቀት በዚህ ሙያ መቀጠር አይቻልም ማለት ነው?

መልስ፦ ይቻላል። የምስክር ወረቀቱ ትልቁ ጥቅም፣ በአካል አይቶህ የማያውቅ ቀጣሪ፣ በተለይም የውጭ አገር ድርጅት፣ ማመልከቻህን ገና ከጅምሩ እንዳይጥለው ማድረጉ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያስቀጥርህ ግን ስሕተቱን ማግኘትህ፣ ማንን እንደሚጎዳ ማስረዳትህና ማረምህ ነው። እስቲ አጠገባችን ያሉትን ገጾች ተመልከት። የሥራ ማስታወቂያ፣ ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ ፎቶ ተነሥቶ ይለጠፋል፤ ዓይናማው ያነበዋል፣ የገጽን ጽሑፍ ለዓይነ ስውራን በድምፅ የሚያነበው ስክሪን ሪደር የተባለው ፕሮግራም ግን ከምስሉ ውስጥ አንድም ቃል አያገኝም። በመመዝገቢያ ቅጽ ላይ «የአባት ስም» የሚለው ጽሑፍ ከሳጥኑ ጋር በኮድ ስላልተያያዘ፣ ዓይነ ስውሩ አመልካች ባዶ የጽሑፍ ቦታ ላይ መድረሱን ይሰማል እንጂ ምን እንደሚሞላበት አያውቅም። በአማርኛ የተጻፈው ገጽ በኮዱ ላይ ቋንቋው እንግሊዝኛ ተብሎ ከተመዘገበ ደግሞ ስክሪን ሪደሩ ፊደላችንን በተሳሳተ ድምፅ ሊያነበው ይሞክራል። እነዚህን ስሕተቶች ዊካግ ከተባለው ዓለም አቀፍ መመሪያ 1.1.1፣ 1.3.1 እና 3.1.1 መስፈርቶች ጋር አገናዝቦ፣ የታረመውን ኮድ ጨምሮ በጽሑፍ ያቀረበ ወጣት፣ በእኔ ሚዛን ፈተናውን ብቻ ካለፈ ሰው ይበልጣል።

ጥያቄ፦ በነጻ የምጀምርበት መንገድ አለ?

መልስ፦ አለ። የዓለም አቀፉ የድር ኅብረት መግቢያ ኮርስ በኢንተርኔት በነጻ ይሰጣል፤ ትረስትድ ቴስተር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት የፈታሾች ሥልጠናም ክፍያ የለውም። ኤንቪዲኤ የተባለውን ነጻ ስክሪን ሪደር ጫኑና ማውዛችሁን ነቅላችሁ በኪቦርድ ብቻ አንድ ቅጽ ሞልታችሁ ለመላክ ሞክሩ።

ጥያቄ፦ ደሴ የምኖር ዓይነ ስውር ነኝ። ይህ ሙያ ለእኔ ይሆናል?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ በሚገባ ይሆናል። ለአካል ጉዳተኛ ተፈታኞች የፈተና ማመቻቻ ስለሚደረግ ስትመዘገቢ ቀድመሽ አመልክቺ። ስክሪን ሪደርን ዕለት ተዕለት መጠቀምሽ ሌላው በሥልጠና የሚያገኘውን ልምድ ሰጥቶሻል፤ ሆኖም ቀጣሪ ተጠቃሚነትሽን ብቻ አይቶ የሙከራ ሰው አድርጎ እንዳያስቀርሽ የድረ ገጾች መሥሪያ የሆነውን ኤችቲኤምኤል የተባለ የኮድ ቋንቋ በደንብ ተማሪ። በጽሑፍና በመደቡ ቀለም መካከል የሚፈለገውን 4.5 ለ 1 ንጽጽር የሚለካ መሣሪያ ስላለ ያ አያሳስብሽ።

ጥያቄ፦ አገር ውስጥስ ፈላጊ አለው?

መልስ፦ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ ስለ ተደራሽነት የሚናገረው የስምምነቱ አንቀጽ 9 ኢንተርኔትንም ይጨምራል። ገበያው ግን ለጊዜው በውጭ ይሰፋል፤ የአውሮፓ የተደራሽነት ሕግ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 28 ቀን 2025 ጀምሮ ተግባራዊ መሆኑ ለአውሮፓ ደንበኞች የሚሠሩትንም ይመለከታል።

ጥያቄ፦ ለፈተናው ገንዘብ ልበደር?

መልስ፦ አትበደር ወንድሜ። ክፍያው እንደየአገሩ የገቢ ደረጃ ስለሚለያይ አስቀድመህ አጣራ። የምስክር ወረቀቱ የሚያገለግለው 3 ዓመት ብቻ ስለሆነ፣ ያለ ሥራ እጅህ ላይ ጊዜው ከሚያልፍ፣ የምትፈልገው ቀጣሪ በማስታወቂያው ላይ ሲጠይቀው ብትፈተን ይሻላል።