መልስ፦ ጋራዥባንድ (የአፕል ሙዚቃ መሥሪያ አፕ) ሲጀመርም የስልክ አፕ ነበር?

አልነበረም ወንድሜ፣ ሥሩ ኮምፒውተር ላይ ነው። አፕል በ2002 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ሎጂክ የሚባለውን የሙዚቃ መሥሪያ ሶፍትዌር የሠራውን፣ የጀርመኑን ኩባንያ ኢማጂክን ገዛ። በ2004 ጋራዥባንድን ለማክ አወጣ። አይፓድ ላይ የመጣው በ2011 ከአይፓድ 2 ጋር ሲሆን ዋጋው 4.99 ዶላር፣ ትራኩም (እያንዳንዱ ድምፅ ለብቻው የሚቀዳበት መስመር) 8 ብቻ ነበር። አይፎን ላይ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ገባ።

እኔን ያስገረመኝ አፑ ውስጥ ያለው ከበሮ ነው። የአይፓዱ መስታወት የጣትህን ጉልበት አይለካም። ስለዚህ ስትመታው መሣሪያው ምን ያህል እንደተነቃነቀ በእንቅስቃሴ ሴንሰሩ ይገምታል። ቀስ ካልክ ቀስ፣ ጠንከር ካልክ ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጥሃል። አሪፍ ዘዴ አይደል?

ላይቭ ሉፕስ (አጫጭር ተደጋጋሚ ድምፆችን እየነካህ የምታቀናብርበት ክፍል) በ2016 ተጨመረ። አፑ ሙሉ በሙሉ ነፃ የሆነው በ2017 ነው። አንድሮይድ ከያዝክ ግን አትድከም፣ የለም።