«ዳገት ላይ ታፈላለች»፦ ስለ አሮጌ ሚኒባስ የጠየቃችሁኝ

በዚህ ወር የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከከተማው ዳር ዳር ከሚሠሩ ሚኒባሶች የመጡ ናቸው። ከሱሉልታ፣ ከሰበታ፣ ከኮዬ ፈጬ። አራቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም እላለሁ፣ ብዙ ሰው በከንቱ ገንዘቡን የሚጨርሰው እዚያ ላይ ስለሆነ።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ የምትሠራ ባለ 5ኤል የናፍጣ ሞተር የቶዮታ ዶልፊን ሚኒባስ አለችኝ። ከሁለት ወር ወዲህ ዳገቱን ልጨርስ ስል ሙቀቷ ይወጣል፣ ውሃዋን ታፈላለች። ሜዳ ላይ ምንም የለባትም። አንድ ጋራዥ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዲሄድ የሚከፍተውን ቴርሞስታት አውጥቶ ጣለው፣ አልተሻላትም። ሌላው ሳይፈታ ሳያይ ቴስታታው ሄዷል፣ 90 ሺህ ብር አዘጋጅ አለኝ። ብድር ልግባ ወይስ ልሽጣት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብድሩንም ሽያጩንም ለጊዜው አቆየው። ያፈላች መኪና ሁሉ ቴስታታዋ፣ ማለትም ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተሩ ክፍል፣ ሄዷል ማለት አይደለም።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ አንተ የምትወጣው ዳገት ጫፍ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሰው ጭኖ ዳገት የሚወጣ የናፍጣ ሞተር እዚህ ሙቀት ላይ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ አፍኖ ግፊት ስለሚፈጥር ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይ እስኪደርስ ይታገሣል። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያለህ፣ የግፊቱ ልክ ነው። ከሥሩ ያለችው ጎማ ከደረቀች ወይም ስፕሪንጉ ከላላ ግፊቱ ያመልጣል። ሜዳ ላይ ደህና የነበረችው መኪና ዳገት ላይ ታፈላለች፣ ልክ እንዳንተዋ።

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ከጫንጮ መጣ። ቴስታታ አንድ ጊዜ አስወርዶ አስጠግኗል፣ መኪናዋ ግን አሁንም ታፈላለች። ክዳኑን ገልብጬ ሳየው የጎማዋ ጠርዝ እንደ ደረቀ እንጀራ ተቆርሷል። በጣቴ ስነካት ተፈረፈረች። አዲስ ክዳን ገጠምንለት፣ ራዲያተሩን ከውጭ አጠብነው፣ ዳገቱን ወጥቶ ደወለልኝ። ያ ልጅ ለዚያች ክዳን ሲል የስንት ወር ገቢውን እንዳወጣ ሳስበው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ከርካሹ ጀምር። ክዳኑን ቀይር። ራዲያተሩን ከፊት ለፊት እየው፣ የክረምቱ ጭቃና የበጋው አቧራ ክንፎቹን ደፍኗቸው ይሆናል። የቬንትሌተሩን፣ ማለትም የራዲያተሩን ማራገቢያ፣ ክላች ደግሞ እንዲህ ፈትሽ፦ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ጋቢና ያለውን ወንበር አንሣና ቬንትሌተሩን በእጅህ ግፋው። ያለ ምንም መያዝ ዞሮ ዞሮ የሚቆም ከሆነ ክላቹ ሞቷል። ቴርሞስታቱን ደግሞ መልስ። ቶዮታ ራሱ በጥገና መጽሐፎቹ ላይ ሞተሩ ቢሞቅም ቴርሞስታት አታውጡ ይላል፤ ከወጣ ውሃው በራዲያተሩ በአግባቡ ሳያልፍ እዚያው ሞተር ውስጥ ይሽከረከራል። የወንዝ ውሃም አትጨምርባት፣ ቀስ በቀስ ቱቦውን ይደፍነዋል። ኩላንት፣ ማለትም የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ ይሻልሃል።

ይህን ሁሉ አድርገህ ካልተሻላት ያኔ ቴስታታውን እንጠርጥር። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ክዳኑን ክፈት፣ ውሃ ሙላ፣ አስነሣ። ሳያቋርጥ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ከሲሊንደር የሚወጣ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ወይም ክዳኑን ዘግተህ አስነሣና የላይኛውን የጎማ ቱቦ ጨበጥ አድርገው፤ ገና ሳይሞቅ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ነገሩ ያው ነው። የዘይት መለኪያውን ስታወጣ ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለህ ደግሞ መኪናዋን አታንቀሳቅሳት።

ቴስታታው የግድ ከወረደ 90 ሺሁ ምን ምን እንደያዘ አስጽፍ። ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ)፣ ዘይትና ፊልትሮ፣ ኩላንት፣ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚላግበት) የሚወስደው፣ የእጅ ዋጋ፣ ሁሉም ለየብቻ። ቶርኖ ቤት ሳይሄድ፣ ስንጥቅ እንዳለው በግፊት ሳይፈተሽና ሳይላግ የሚመለስ ቴስታታ ጓርኒሲዮኑን መልሶ ይበላዋል። ኤል ሞተር ሲጋል ቫልቮቹ መካከል የመሰንጠቅ አመል አለው። ዋጋውን ደግሞ በዚያው ቀን ጠይቅ። ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ አንድ ቦታ አልቆመም፣ ባለፈው ወር የሰማኸው ዋጋ ዛሬ ላይሠራ ይችላል።

እና እባክህ፣ ስታፈላ ክዳኑን አትክፈት፣ ቀዝቃዛ ውሃም አትድፋባት። ፊት ያቃጥላል፣ ደህናውን ቴስታታ ይሰነጥቃል።

ጥያቄ፦ ጡረታ ወጥቼ ሰበታ አካባቢ የምትሠራ ባለ 5ኤል ያገለገለች ሃይሩፍ ሚኒባስ ገዛሁ። የታይሚንግ ቺንጊያው መቼ እንደተቀየረ ሻጩ አያውቅም። ዳሽቦርዱ ላይ መብራቱ ስላልበራ ይቆይ ይሉኛል።

መልስ፦ አባቴ፣ ይቀይሩት። ዛሬ ነገ አይበሉ። ያ መብራት በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የሚበራ ነው፣ ቺንጊያውን ግን አያየውም። ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሚቆጥረው፣ ማንም ሰው ቺንጊያውን ሳይነካ ሊያጠፋው ይችላል። የታይሚንግ ቺንጊያ የቫልቮቹን መከፈትና መዘጋት ከፒስቶኑ ጋር የሚያስማማ ቀበቶ ነው፤ እየሄዱ ከተበጠሰ ፒስቶኑ ቫልቮቹን ይመታል፣ ከዚያ በኋላ ወጪው የሞተር ወጪ ነው። ሲቀየር መወጠሪያውንና ከፊት በኩል ያሉትን ዘይት መያዣ ጎማዎች አብረው ያስቀይሩ። ዘይት የነካው አዲስ ቺንጊያ ዕድሜ የለውም። የእጅ ዋጋውን አንድ ጊዜ ይከፍላሉ፣ መንገድ ላይም አይቀሩም።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ትለቃለች። ለቦሎ ምርመራ ወስጃት ወደቀች። ፖምፓው ይፈታ አሉኝ።

መልስ፦ ናፍጣውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ፖምፓ መጨረሻ ነው። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል ማለት ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ራሱ ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይሳሳል፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ይህን የሚያካክስበት ነገር የለውም። በዚያ ላይ የአየር ፊልትሮው በኮረኮንች አቧራ ከታፈነ መጨስዋ አይቀርም። ፊልትሮውን ቀይር፣ ቀጥሎ ናፍጣውን የሚረጩትን ኖዝሎች አስፈትሽ፣ ከዚያ ስለ ፖምፓው እናወራለን። ጭሱ ሰማያዊ ከሆነ ግን ሌላ ነው፣ ዘይት እየበላች ነው።

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው። ሚኒባሷ የእኔ ናት፣ የሚነዳት ሌላ ልጅ ነው። ፍሬኑ ወደ ታች ይሄዳል ይለኛል። አንዴ የፍሬን ሸራ፣ አንዴ ማስተር እያለ በቴሌብር እልካለሁ። በሦስት ወር ሦስት ጊዜ ሆነ። እየዋሸኝ ነው ወይስ መኪናዋ ናት?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ሊሆን ይችላል፣ ግን ልጁን ከመጠርጠርሽ በፊት መኪናዋን እንያት። እስከዚያ ሰው እንዳትጭን። ይህን በጣም አጥብቄ እለምንሻለሁ።

ቆማ ሞተሩ እየሠራ ፔዳሉን ረግጦ ይያዘው። በአንድ ግፊት ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠና ውጭ የሚንጠባጠብ ነገር ከሌለ ማስተሩ፣ ማለትም ፔዳሉ ሲረገጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ክፍል፣ ነው። ደጋግሞ ሲረግጠው ከፍ የሚል ከሆነ ግን ማስተሩን ተዉት። ያኔ የኋላው ሸራ ርቋል ወይም አየር ገብቷል። የኋላው ታምቡር፣ ማለትም ሸራው የሚጫነው ክብ ብረት፣ ውስጥ ሸራውን በራሱ የሚያቀርብ መሣሪያ አለ፣ በእናንተ ሰፈር አቧራ ይዝግና ይቆማል። ከዚያ በኋላ አዲስ ሸራ ብታስገቢም ፔዳሉ ተመልሶ ይወርዳል።

ሌላም አለ። ታምቡሩ ሲወልቅ ራስሽ እዚያ ቁሚ። እኔ አንዴ እንዲህ የተቸገረ መኪና ስፈታ ገና ያልተበላ ሸራ ወጣ፣ ግን ጥቁርና የሚያዳልጥ ነው፣ ሲያሸቱት የከረመ የዲፈረንሻል ዘይት ይሸታል። ሸራውን ሁለት ጊዜ ቀይረውለታል። ዘይቱን የሚያሳልፈውን የአክሱሉን ዘይት መያዣ ጎማ ግን ማንም አልነካውም። ያንቺም ይህ ከሆነ ዋናው ወጪ ያቺ ጎማና የአንድ ቀን ሥራ ነው። የረጠበውን ሸራ በቤንዚን አጥበው መልሰው እንዳይገጥሙት። ይጣል።

ከአሁን በኋላ ገንዘብ ከመላክሽ በፊት የወለቀውን አሮጌ ዕቃ አምጣልኝ በይው። ሶማሌ ተራ ሄደሽ አዲሱን ራስሽ ከአሮጌው ጋር አስተያይተሽ ግዢ፣ ለጋራዡ የእጅ ዋጋውን ብቻ ክፈይ። ልጁ እውነቱን ከሆነ ደስ ይለዋል፣ እሱም ያለ ፍሬን መንዳት አይፈልግም። ታምቡሩ ሲከፈት ያየሽውን ጻፊልኝ፣ በሚቀጥለው ወር እመልስልሻለሁ።