ስህተታችሁን «ከየት መጣህ?» በሉት
ለወሎ የእንግሊዝኛ ተማሪዎች

ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ደሴም ሁኑ ወልድያ፣ ኮምቦልቻም ሁኑ ላሊበላ፣ እንግሊዝኛ የምትማሩ ልጆች ቅሬታችሁ አንድ ነው፦ «ሰዋስዉን አውቀዋለሁ፣ ስናገር ግን ይጠፋብኛል።» አብሽሩ። አፋችሁ እንግሊዝኛ ሲያወራ ሐሳባችሁ የለመደውን የአማርኛ መንገድ ይዞ ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ የማወቅ ጉጉታችሁን መጀመሪያ በገዛ ስህተታችሁ ላይ አውሉት።

አንዷን ቀረብ ብለን እንያት። ተማሪው «ዊ ዲስከስድ አባውት ዘ ኤግዛም» ይላል። መምህሩ «አባውት»ን ይሰርዛል፣ ተማሪው እሺ ይላል፣ በሳምንቱ ያንኑ ይደግማል። የሚደግመው የተሰረዘችው ቃል ከየት እንደመጣች ስላልጠየቀ ነው። «ስለ ፈተናው ተወያየን» ስንል «ስለ» የግድ ናት፤ እሷን ተርጉሞ አስገባት። እንግሊዝኛው «ዲስከስ» ግን «ስለ»ን በሆዱ ይዟታል፤ «ዲስከስድ ዘ ኤግዛም» ይበቃዋል። «ቶክ» ደግሞ አልያዛትም፤ እሱ «አባውት»ን ይፈልጋል። «ጎ ቱ ሆም» የሚለውም ስህተት የሚመጣው «ወደ ቤት» ከሚለው «ወደ» ነው፤ «ጎ ቱ ስኩል» ልክ ሲሆን «ሆም» ብቻውን ይሄዳል። «ምንም እንኳ ቢዘንብ፣ ግን ሄድኩ» ማለት ስለለመድን «ኦልዞው» ብለን ከጀመርን በኋላ «በት»ንም እንጨምራለን። እንግሊዝኛ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚቀበለው።

ለዚህ አንድ ደብተር ለዩ፤ ገጹን በሦስት ዓምድ ክፈሉት፦ ያልኩት፣ በአማርኛ ያሰብኩት፣ ትክክለኛው። መካከለኛዋን ዓምድ አትዝለሉ፤ ደብተሩ የሚጠቅመው በእሷ ነው። ሃያ መስመር ያህል ሲሞላ ስህተቶቹ በቤተሰብ መሰብሰብ ይጀምራሉ፦ የ«ስለ» ልጆች፣ የ«ወደ» ልጆች፣ የ«ከ…ጋር» ልጆች። አንዱን ቤተሰብ ስታውቁ ብዙውን በአንድ ጊዜ ታርማላችሁ።

አማርኛ ግን ዕዳ ብቻ አልተወላችሁም። ከላይ «አባውት» ብዬ የጻፍኩት በትክክል ሲነበብ «ኧባውት» ነው። እንግሊዝኛ ኃይል በማያርፍበት ክፍለ ቃል ላይ አናባቢውን ያደክመዋል፤ የደከመው ድምፅ ደግሞ ለእኛ «ኧ» በጣም ቅርብ ነው። «ባናና» አትበሉ፤ «በናነ» በሉ፣ መካከሏን «ና» ብቻ ጫን አድርጓት። ይህን ድምፅ በቋንቋቸው የሌላቸው ሕዝቦች ብዙ ይቸገሩበታል፣ እናንተ ግን ከእናታችሁ ጋር ተምራችሁታል።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አማርኛ በቃል መነሻ ላይ «ስ» ከሌላ ተነባቢ ጋር ተከታትላ ስትመጣበት «እ»ን ያስቀድማል፣ «እስኩል»፣ «እስቶር» የምንለው ለዚህ ነው። መድኃኒቱ «ስስስስ» ብሎ ማስረዘምና ሳያቋርጡ «ኩል» ላይ መውደቅ፣ ከዚያ «ስ»ዋን ቀስ በቀስ ማሳጠር ነው። ሌላው፣ በእኛ «ገና» ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ ይለያያል፣ ስለዚህ ድርብ ፊደል ስናይ ማጥበቅ ያምረናል። በእንግሊዝኛ «ሃፒ» በሁለት «ፒ» ቢጻፍም ላልቶ ነው የሚነበበው።

ጉጉት ቃል መምረጥ ላይም ያስፈልጋል። ላሊበላ ላይ እንግዳ ተቀብላችሁ ስለ ቤተ ጊዮርጊስ ብትጠየቁ «ኢት ወዝ ቢልት» ማለት ይቀላል፤ ሰዋስዉም ልክ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ግን ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርቦ አልታነጸም፤ ከአንድ ወጥ አለት ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ ወጣ እንጂ። «ወዝ ካርቭድ» ስትሉ እንግዳው ቀና ብሎ ያያችኋል፤ ምክንያቱም አንዲቷ ግስ የሕንፃውን ምሥጢር ነግራዋለች። በአማርኛ «ተሠራ» ስትሉ የማትረኩበት ቦታ ሁሉ በእንግሊዝኛም ሌላ ግስ ፈልጉ።

መድረሳ የገባችሁ ደግሞ «ኮተን»ን ስታዩ «ቁጥን»ን፣ «አልጀብራ»ን ስታዩ «አልጀብር»ን ፈልጉበት፤ ሁለቱም ከዓረብኛ የሄዱ ናቸው። «ኒ» በምትባለው የጉልበት ስም መነሻ ላይ የተቀመጠችው የማትነበብ «ኬ»ም ድሮ ትነበብ ነበር። የማተሚያ ማሽን እ.ኤ.አ. በ1476 እንግሊዝ ገብቶ አጻጻፉ እየረጋ ሲሄድ አነጋገሩ መለወጡን ቀጠለ፤ ብዙው የአጻጻፍ ራስ ምታት የዚያ ትርፍ ነው።

አሁን ወደ ጽናት። ይህን ከእኛ አገር ሌላ ቦታ መፈለግ አያሻም። የዋድላ የቅኔ ተማሪ በረጅሙ ቅኔ በመወድስ አይጀምርም፤ ሁለት ቤት (ስንኝ) ባላት አጭር ቅኔ በጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ የቆጠረውን፣ ማለትም የደረሰውን፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ታርሞ ይመለሳል፣ ነገ ሌላ ይቆጥራል። የቁርኣን ተማሪው ደረሳም ሉሁ (የእንጨት ሰሌዳው) ላይ የጻፈውን ሳይዝ አጥቦ ሌላ አይጽፍም። ትንሽ፣ በየቀኑ፣ ሰሚ ባለበት። ይህንኑ ለቃላት እናውለው።

የማስታወስ ተመራማሪው ጀርመናዊ ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 በራሱ ላይ ሞክሮ እንዳሳየው፣ ያጠናነው አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት ነው፤ ከዚያ በኋላ የመርሳቱ ፍጥነት ይቀንሳል። ስለዚህ ክለሳው መጀመሪያ ላይ ይጠጋጋል፣ ቆይቶ ይራራቃል። የጫማ ካርቶን ውሰዱና በአምስት ክፍል ለዩት። አንድ ኤ4 ወረቀት ሦስት ጊዜ አጥፋችሁ ብትቆርጡት 8 ካርድ ይወጣዋል። በፊት ለፊቱ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር፣ በጀርባው እንግሊዝኛውን ጻፉ፣ ቃሏንም አስምሩባት። ነጠላ ቃል ከነጠላ ትርጉም ጋር አትጻፉ፤ «ዲስከስ፦ ተወያየ» ብላችሁ ብትጽፉ ያቺ «ስለ» ተመልሳ ትመጣለች። አንደኛውን ክፍል በየቀኑ፣ ሁለተኛውን በየ2 ቀን፣ ሦስተኛውን በየ4 ቀን፣ አራተኛውን በሳምንት፣ አምስተኛውን በየ2 ሳምንት ከልሱ። ያወቃችሁት ወደ ቀጣዩ ክፍል ያልፋል፤ የሳታችሁት የትም ይሁን የት ወደ አንደኛው ይመለሳል።

በቀን 7 አዲስ ቃል በቂ ነው። ብዙ ሰው በመጀመሪያው ሰሞን ሞቅ ብሎት 30 ያደርገዋል፤ በሳምንቱ 210 ካርድ ይከመርበትና ሳጥኑ አልጋ ሥር ይገባል። 7 ብቻ ብትይዙ ግን፣ ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣውን 2,000 ያህል ዋና ዋና ቃላት የያዘ ዝርዝር በ286 ቀን ግድም ትዘልቁታላችሁ፤ የምታውቋቸው ስለሚኖሩበት ደግሞ ያጥራል።

ለማዳመጥ የሁለት ሰዓት ፊልም ከጽሑፍ ጋር ማየት ብዙም አይረዳም፤ ዓይን ያነባል፣ ጆሮ ያርፋል። የአንድ ደቂቃ ድምፅ ምረጡ። ሦስት ጊዜ ስሙት፣ እያቆማችሁ ጻፉት፣ ከጽሑፉ ጋር አመሳክሩት፣ ከዚያ ከተናጋሪው ጋር እኩል እየሄዳችሁ አምስት ጊዜ በሉት። ሲያደናቅፋችሁ ፍጥነት አትቀንሱ፤ ያመለጣችሁን ቃል ትታችሁ ቀጣዩን ያዙ።

አጨዳ ሲደርስ ወይም ሐዘንና ሠርግ ሲደራረብ ሁለት ሦስት ሳምንት መቋረጡ አይቀርም። ስትመለሱ ካርዶቹን በትናችሁ ከዜሮ አትጀምሩ። ሌሎቹን ክፍሎች እንዳሉ ተዉአቸው፤ ከአንደኛው ብቻ በቀን 10 እያወጣችሁ ከልሱ፣ እሱ እስኪጎድል ድረስም አዲስ ቃል አትጨምሩ። ከዚያ ሁለተኛውን ክፈቱ።